የሰሙ አውጫጭኝ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰም የተጨመቀበት ጨርቅ በየት አገር እንደ ተሸመነ በካህን ፊት ምላችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። በሬ ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል ምላችሁ ይሆናል። የቢቸና ሕዝብም እስከ ሚያዝያ ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ድረስ ልማዱ ይኸው ነበር። በዚያ ወር ግን አዲስ አበባ የተቀመጡ ባለ ከረባቶች በጻፉት ደንብ ምክንያት፣ ሁለት መቶ አባወራ ሞፈሩን ጥሎ ከጊዮርጊስ በታች ካለው ሜዳ ላይ ሦስት ቀን በነጭ ለባሽ ዘበኞች ተከቦ ዋለ። የሚፈለገው ሌባ አልነበረም። የሚፈለገው የአንድ ሰማያዊ ክር ባለቤት ነበር።

ክሩ የተገኘው ከጥሩአየሁ ሰም ላይ ነው።

ጥሩአየሁ ሰም ነጋዴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረችው ሌላው ሰው በሚደፋው ነገር ነው። የቢቸና ጠጅ ጣዮች ጠጁን ሲያጠሉ ከላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ድሮ ከደጅ ይደፉት ነበር፤ እሷ እየዞረች መግዛት ከጀመረች በኋላ ግን ውሻ እንኳ አይቀምሰውም። ሰፈፉን በውሃ ታፈላዋለች፤ ትኩሱን በጨርቅ ከረጢት ትሞላውና ከሠራተኛዋ ጋር ሆነው ከረጢቱን በዱላ ጠምዝዘው ይጨምቁታል። ዕድፉ ከከረጢቱ ይቀራል፤ ጥሩው ሰም ከገበቴው ላይ ይወርድና ሲረጋ እንደ ዳቦ ክብ ሆኖ፣ የበሰለ ዱባ መልክ ይዞ ይወጣል። ጥቂቱን ለጧፍ የጊዮርጊስና የመርጡለ ማርያም ካህናት ከእሷ ይገዛሉ። የቀረውን ሲራራ ነጋዴው ገላው በበቅሎ ጭኖ ሞጣ ያደርስላታል። እዚያ የላኪው ድርጅት ወኪል ይረከበውና በካሚዮን ባሕር ዳር አድርጎ ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋም ወደ ባሕር ማዶ ይሰደዋል። በዚያ ዓመት የተጫነው አርባ ክብ ሰም ነበር። የዓመት ድካሟ በሙሉ ያ ነው፤ ሌላ እርሻም፣ ሌላ ጥሪትም የላትም።

አሁን ስለ ባሕር ማዶው ልንገራችሁ፤ ነገሩ የመጣው ከዚያ ነውና። ሁለት ኃያላን መንግሥታት በንግድ ተጣልተዋል። የምሥራቁ ጨርቁን በርካሽ እየሸጠ ገበያ ቢነጥቀው የምዕራቡ ተቆጣና «የእሱ ጨርቅ የነካውን ዕቃ ከማንም አልገዛም» አለ። የምሥራቁም በበኩሉ «ጨርቄን የማይወስድ አገር ቆዳውንና ኑጉን ራሱ ይብላው» አለ። ራሱን የሚያከብር መንግሥት እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋል? ወይ አንዱን መርጦ መከራውን ይችላል፤ ወይ ሁለቱንም «ጠባችሁን ከደጃችን አርቁልን» ይላቸዋል፤ ሁሉም ቢያቅተው ገበሬውና ነጋዴው የሚጠለልበት ሕግ ያወጣል። የእኛዎቹ ግን በሁለቱም ፊት ወደቁ። ለምሥራቁ ደስ እንዲለው፣ ፈቃድ የሚያሳድስ ነጋዴ ሁሉ ከመንግሥት መጋዘን አንድ ጣቃ የምሥራቅ ጨርቅ እንዲገዛ ደነገጉ። ለምዕራቡ ደስ እንዲለው፣ የምሥራቅ ጨርቅ የነካው ሰምም ሆነ ቆዳ ወይም የቅባት እህል ከአገር እንዳይወጣ ደነገጉ። ሁለቱ ደንቦች የወጡት በአንድ ወር ውስጥ ነው። ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚችል የለም የሚለውን ወንጌል እንደ ፈተና ጥያቄ ቆጠሩትና «ይቻላል» ብለው መለሱ።

ጥሩአየሁ ስለ ሁለቱ ጌቶች የሰማችው ነገር አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ ፈቃዷን ልታሳድስ ስትሄድ ከጸሐፊው ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ ተቀምጦ ጠበቃት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክር ተስቦበታል።

«ጨርቅ አልጠየቅሁም፤ ፈቃድ ነው» አለች።

«አብረው ነው የሚሰጡት» አለ፣ ከጸሐፊው ጀርባ የቆመው ሰው። ከአዲስ አበባ የተላከው የንግድ ተቆጣጣሪ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። «ጣቃውን ካልወሰድሽ ፈቃዱ የለም።»

ወሰደች። በደረሰኙ ላይ እሱ ፈረመ፤ በጣቃው ጫፍ ላይም ክብ ማኅተም አደረገበት። ጥሩአየሁ ቀሚስ አሰፍቼ እለብሰዋለሁ ብላ ሞከረችው። በሁለተኛው እጥበት የዓሣ መረብ መሰለ። ሴት ወይዘሮ የዓሣ መረብ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን አትሄድምና የቀረውን ቀድዳ ለሰሙ ከረጢት ሰፋችው። ማኅተም ያለበትን ጫፍ ግን አልቀደደችውም። የመንግሥት ማኅተም ያረፈበትን ነገር መቅደድ ያስፈራል፤ ከደረሰኙ ጋር ጠቅልላ ከሙዳዩ ሥር አኖረችው።

ሚያዝያ በገባ በሳምንቱ ገላው ባዶ በቅሎ እየነዳ ከሞጣ ተመለሰ። ፊቱን አይታ ነገር እንዳለ ገባት።

«እትዬ፣ ሰሙ ተያዘ።»

«ምን አገኘው?»

«ክር አገኘው» አለ ገላው። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ያ ባለ ከረባት ሰውዬ በወኪሉ መጋዘን ቁጭ ብሎ ሰሙን በሴንጢ ሲፍቀው፣ ሲፍቀው፣ ሲፍቀው ዋለና አንድ ሰማያዊ ክር አወጣ። ወርቅ ያወጣ ይመስል ብድግ አለ! ከዚያ 'ይህ ጨርቅ በማን ነው የገባው?' አለ። በሩን አሸገው። ካሚዮኑ የፊታችን ቅዳሜ ይሄዳል። ሌላ ካሚዮን ሳይመጣ ዝናቡ ይገባል፤ መንገዱም እስከ ጥቅምት አይከፈትም።»

ተቆጣጣሪው ገላውን ተከትሎ በላንድሮቨር ቢቸና ገባ። በቦርሳው ውስጥ ደንቡ አለ፤ ደንቡም የጨርቁ ምንጭ ይጣራ፣ አስገቢው ይታወቅ ይላል። እንዴት እንደሚጣራ ግን አይልም። ይህን ለጭቃ ሹሙ ለጓዴ ሲነግረው ጓዴ አንድ ጊዜም አላሰበበትም።

«ቀላል ነው ጌታዬ። አውጫጭኝ እንጠራለን።»

ጓዴ ከአባቱ የወረሰው የማጣሪያ መንገድ ያ ብቻ ነው። በሬ ሲጠፋም አውጫጭኝ፣ ማር ሲቆረጥም አውጫጭኝ። ያገሬው ሰው ሁሉ ከአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ በተራው እየማለ ያየውን ይናገራል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ሸንጎው አይበተንም። የቀረ ይቀጣል። ተቆጣጣሪው በትምህርት ቤት ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ የተማረ ሰው ነው፤ ይህን ሲሰማ ማፈር ነበረበት። አላፈረም። በእርሻ ግብር የተነሣው የጎጃም ሁከት ከበረደ ገና ዓመት አልሞላው፤ ሕዝቡን ሳያስቆጣ ሕዝቡን የሚያስጨንቅ ዘዴ በማግኘቱ ደስ አለው። «በለመዱት ይሁን» አለ። ባሕር ማዶ ሁለት ኃያላን ተኳርፈው የጀመሩት ጠብ እንግዲህ በበሬ ሌባ ሸንጎ ሊዳኝ ቢቸና ወረደ።

የመጀመሪያው ቀን በሳቅ አለቀ። ከሩቅ ቀበሌ የተጠሩ ገበሬዎች ለምን እንደ ተሰበሰቡ አልገባቸውም።

«የማን በሬ ነው የጠፋ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«በሬ አይደለም አባቴ፤ ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ ጠፋ?»

«አልጠፋም፤ ተገኘ እንጂ።»

«ከተገኘ ታዲያ ምን አስቀመጠን?»

ሁለተኛው ቀን ሳቁ ቀነሰ። ሰማዩ ጠቋቁሯል፤ መሬቱ ለእርሻ ደርሷል፤ ሰዉ ደግሞ አንድ በአንድ እየተነሣ ባላየው ጨርቅ እጁ እንደሌለበት ይምላል። የሚያስምሉት የጊዮርጊስ ቄስ መምሬ ገብረ ሕይወት ናቸው። ከሃምሳኛው ሰው በኋላ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ ጠዋት ደንቡ ሲነበብ የሰሙትን አስታውሰው ተቆጣጣሪውን ጠየቁት።

«ጌታው፣ እኛ ጧፍ የምናበራው በዚችው ሴት ሰም ነው። ጊዮርጊስም የምዕራብ ደጋፊ ነው ወይስ የምሥራቅ? ንገሩኝና በየትኛው ጨርቅ የተጨመቀ እንደማበራለት ልወቅ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ተቆጣጣሪው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲሳቅባቸው ይጽፋሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ተቆጣጣሪው ጥሩአየሁን ወደ ላንድሮቨሩ ጥላ ጠራት። ዕድሜዋ እናቱን የሚያህል ነው፤ ቢሆንም «አንቺ» አላት።

«ስሚ፣ አንቺን መጉዳት አልፈልግም። ወረቀቱ ይኸው፤ ማኅተሙም በእጄ ነው። ዛሬ ከፈረምኩ ሰምሽ ቅዳሜ ይጫናል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ይፈርሙበታ።»

«አስገቢው ሳይገኝ እንዴት ብዬ? ፋይሉ አይዘጋም።»

«ጌታዬ፣ ጨርቁን የሰጡኝ እኮ እርስዎ ነዎት። ታኅሣሥ ላይ፣ በፈቃዱ ጊዜ።»

ተቆጣጣሪው አልደነገጠም። እጁን አወዛወዘ፤ ዝንብ የሚያባርር ይመስል ነበር።

«ያ በሌላ ደንብ ነው።»

«ሰውዬው ግን አንድ አይደሉም?»

«ሰውየው አንድ ነው፤ ደንቡ ሁለት ነው። ያኛውን ሳስፈጽም ልክ ነበርኩ፤ ይህንንም ሳስፈጽም ልክ ነኝ።»

«እኔስ? በዚያኛው ብታዘዝ ነው በዚህኛው ያጠፋሁት።»

«ልበሺው ተባልሽ እንጂ ሰም ጭመቂበት አልተባልሽም።»

«ለብሼው ነበር። ገላዬን ለመሸፈን የማይበቃ ጨርቅ የአገር ንግድ ለመጣል በቃ?» አለችና ቀጥላ ጠየቀችው። «ሁለቱ ደንቦች አይጣሉም፣ ጌታዬ?»

ተቆጣጣሪው በረጅሙ ተነፈሰ። ደክሞት ነበርና እውነቱ አመለጠው።

«አንዱን የሚያነቡት ምዕራቦቹ ናቸው፤ ሌላውን ምሥራቆቹ። ሁለቱን አንድ ላይ ማንም እንዲያነባቸው አልተጻፉም።»

በሦስት ቀን ውስጥ ከአፉ የወጣ እውነት ይኸው ብቻ ነው። «ማንም» ሲል ከፊቱ የቆመችውን አልቆጠራትም። ለባዕድ ለማሳየት ብቻ የተጻፈ ሕግ በአገሬው ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ደንቡን የጻፉት ሰዎችም አልቆጠሩም፤ ወይም ቆጥረው አልገደዳቸውም። የትኛው እንደሚያስነውር እናንተው ፍረዱ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ጥሩአየሁ።

«ያ በቅሎ ነጂሽ አለ አይደል? ሲራራው። ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰው እጁ ንጹሕ አይሆንም። ጨርቁን ያመጣው እሱ ነው በዪ። ባደባባይ አይደለም። ለጭቃ ሹሙ በጆሮው ንገሪው።»

«ወፍ ልሁን?»

«አዎ፣ ወፍ ሁኚ። ማንም አያውቅብሽም።»

በአውጫጭኝ ወግ በግልጥ መናገር የፈራ ሰው ለዳኛው በጆሮው ይነግራል፤ ዳኛውም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ስሙን ያወጣል። ወፏ ማን እንደ ሆነች አትጠየቅም። ስሙ የተጠራው ግን ተነሥቶ በሕዝቡ ፊት ሳይመልስ ሰው ከሜዳው አይነቃነቅም። ይህን የቢቸና ልጅ ሁሉ ያውቃል። ባለ ከረባቱም በሁለት ቀን ውስጥ ወፏን ተምሯታል፤ ከአገሩ ወግ የሚጠቅመውን ለመማር ጊዜ አልፈጀበትም።

«ገላውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ጥቂት ወር ደብረ ማርቆስ ይታሰራል። በቅሎዎቹ ይወረሳሉ። ከዚያ ይወጣል።»

ጥሩአየሁ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አርባው ክብ ሰም በዓይኗ ላይ ይዞራል። ቅዳሜ ካልተጫነ የከርሞውን ሰፈፍ የምትገዛበት የላትም፤ እሷ ካልገዛች ጠጅ ጣዮቹ እንደ ድሮው ከደጅ ይደፉታል፤ እሷም ከሌላ ሰው ቤት እንጀራ ጋጋሪ ሆና ትገባለች። ገላውስ ምኗ ነው? አምና በቸልታ ጭነቱን ፀሐይ ላይ ጥሎ ሁለት ክብ ሰም አቅልጦባት አልነበረም? ይህን ስታስታውስ ጥቂት ተናደደችበት፤ መናደዷም ደስ አላት። ሰው አሳልፎ ለመስጠት ቂም ያስፈልጋል፤ የእሷ ቂም ግን የሁለት ሰም ያህል ብቻ ሆነችባት።

ገላው ከጎኗ ተቀምጦ ሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማል። እፍኝ ዘግኖ ሰጣት።

«ስሜን አነሣብሽ፣ አይደለም?» አላት ሳያያት።

የሰጣትን ቆሎ መቁጠር ጀመረች።

«አውቄዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ በቅሎዎቼን እያየ ነው፤ ሊገዛቸው የመጣ ይመስላል።» ቆሎውን ዋጠ። «እትዬ፣ ብትጠሪኝ አልቀየምሽም ብልሽ ውሸት ነው። እቀየምሻለሁ። እስክሞት ነው የምቀየምሽ። ይህን አውቀሽ አድርጊው።»

«ሁለት ሰም ያቀለጥክብኝንስ?»

«እሱን ደግሞ አንቺ እስክትሞቺ ተቀየሚኝ። እኩል ነን።»

ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ «ቤቴ ደርሼ ልምጣ» ብላ አንዱን ነጭ ለባሽ ለመነችው። ቤቷ ከሜዳው በላይ፣ ቅርብ ነው። ሄዳ ስትመለስ መቀነቷ ቀድሞ ከነበረው ወፍሯል።

ከቀትር በኋላ ተራዋ ደረሰ። ጓዴ ከድንጋይ ወንበሩ ላይ ተቃንቶ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ። ነገሩ ቀድሞ ተነግሮታል፤ ከንፈሩ ላይ «ወፍ ነገረችኝ» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ተቆጣጣሪው በላንድሮቨሩ ደፍ ላይ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ ይጠብቃል።

መምሬ ገብረ ሕይወት መስቀሉን ዘረጉላት። «ያየሽውን ብትደብቂ፣ ያላየሽውንም ብትጨምሪ፣ ግዝት ይሁንብሽ።»

«ይሁንብኝ» አለች፤ መስቀሉን ተሳለመች።

«በይ ቅረቢ» አላት ጓዴ በሹክሹክታ፣ ጆሮውን እየጠቆመ።

ጥሩአየሁ አልቀረበችም። ባለችበት ቆማ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«አያ ጓዴ፣ ጆሮህን ሰብስብ። እኔ ክንፍ የለኝም፤ ወፍ አልሆንም። የማውቀውን በአፌ እናገራለሁ።»

ቆሎው ከገላው እጅ ረገፈ። ጥሩአየሁ ከመቀነቷ ውስጥ የተጠቀለለውን ጨርቅ አውጥታ በሁለት እጇ ወጥራ ከፍ አደረገችው። ሰማያዊው ጠርዝ ታየ፤ ከጠርዙ ላይም ክቡ ማኅተም።

«እናንተ ሦስት ቀን ያላያችሁትን ጨርቅ አላየንም እያላችሁ ማላችሁ። አሁን እዩት፣ ይኸው። ሞጣ ላይ በሰሜ የተገኘው ክር ከዚህ ነው። እኔ ከገበያ አልገዛሁትም። ገላውም አላመጣልኝም፤ ገላው ሰም ሲያቀልጥ እንጂ ጨርቅ ሲነግድ አላየሁም። ይህ ማኅተም የማን ነው? ደረሰኙም ይኸው። መምሬ፣ ፊደል ያውቃሉ፤ የፈረመውን ስም ያንብቡልን።»

መምሬ ገብረ ሕይወት ደረሰኙን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ከዚያም በቅዳሴ ድምፃቸው አነበቡት።

«ኃይለ ጊዮርጊስ ይላል።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ጓዴ አንዴ ተቆጣጣሪውን፣ አንዴ ሕዝቡን እያየ ላብ አጠመቀው። ተቆጣጣሪው ብድግ አለ።

«ይህ ሸንጎ በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም! እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም። መንግሥት የላከኝ ሰው ነኝ!»

«ሸንጎውን የጠራው ማነው ታዲያ?» አሉ የመጀመሪያ ቀን ስለ በሬው የጠየቁት ሽማግሌ። «እኛ ነን?»

«ጓዴ፣ በትናቸው!» አለ ተቆጣጣሪው።

ጓዴ ከወንበሩ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። ሹመት ይወዳል፤ ሰው ይፈራል፤ የአባቱን ወግ ማፍረስ ግን ከሁለቱም በላይ ያስፈራዋል። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ፣ «ጌታዬ፣ ስሙ የተጠራ ሳይመልስ አይበተንም» አለ።

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከደነ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈና ወደ ቦርሳው መለሰው፤ ሲመልስም ጥሩአየሁ እንድታይ ቀስ ብሎ ነበር። አየችው። አርባው ክብ ሰም ከወረቀቱ ጋር ሲታጠፍ፣ ካሚዮኑ ባዶውን ሲሄድ፣ የሞጣ መንገድ በጭቃ ሲዘጋ ሁሉ ታያት። እጇ ግን ጨርቁን አላወረደም።

«ወረቀቱን ይያዙት፣ ጌታዬ» አለች። ድምፅዋ ከሜዳው ጫፍ ይሰማል። «ሰሜም እዚያው ሞጣ ይክረም። እርስዎ ግን በዚህ ሸንጎ ስምዎ ተጠርቷል። ምዕራቦቹ ቢጠይቁዎ አንድ ወረቀት ያሳዩዋቸዋል፤ ምሥራቆቹ ቢጠይቁዎ ሌላውን። ዛሬ የጠየቅንዎ እኛ ነን፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ያነበብን እኛ። በጆሮ አይደለም፣ በወፍም አይደለም። ከዚያ መኪና ይውረዱ፤ እንደ ማንኛችንም መስቀሉን ይሳለሙ፤ ከዚያ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይመልሱ፤ ይህን ጨርቅ ቢቸና ያስገባው ማን ነው?»